ጉድጓዱን የደፈነው እጅ

ሟቹ ጫማውን አውልቆ ነበር የሞተው።

ጫማዎቹ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሰው ሊተኛ ሲል አልጋው ሥር እንደሚያስተካክላቸው ሆነው። ሽማግሌው ከነሱ ፈቅ ብሎ በደረቱ ተደፍቷል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ሽበቱ በደም ተለብዷል። የብረት መፈለጊያው ከጎኑ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ሳህን የሚያህል ክብ ነገር የተገጠመበት ረጅም ዘንግ ነው። ድምፁን የሚሰማበት ማዳመጫ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የሚቆፍርበት አጭር አካፋ ግን የለም።

ያገኙት ጠዋት ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሊቆፍሩ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ፖሊስ ከመጥራታቸው በፊት ሬሳውን ዞር ዞር ብለው ያላዩበት፣ ሣሩን ያልረገጡበት ቦታ የለም። አሻራ የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ በነሱ እግር ገደል ገብቷል።

«ጫማውን ሊሰርቁት አውልቀውለት፣ ሰው ሲመጣ ጥለው ሸሹ» አለ የጣቢያው አለቃ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነገሩን ጨርሶታል።

«ሌባ ነው እንዲህ አስተካክሎ የሚያስቀምጠው?» አለች መርማሪዋ።

«ታዲያ ማን አወለቀው?»

«ራሱ።»

«ሜዳ ላይ? በዚህ ሁሉ እሾህ?»

«ለምን እንደሆነ ሳውቅ እነግርዎታለሁ።»

አለቃው በዕድሜ ልጇ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ግን ወንበሩ ወንበር ነውና «እርስዎ» ትለዋለች። ጣቢያው ውስጥ እሷን በስሟ የሚጠራት የለም። ከኋላዋ «ወንፊት» ነው የሚሏት፤ የሰው ወሬ ሁሉ እሷ ጋ ደርሶ ሳይነፋ ስለማያልፍ። ፊት ለፊት እንዲህ የሚላት ግን ገና አልተወለደም።

ሟቹን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ነዳ፤ ጡረታ ሲወጣ መፈለጊያውን ገዛና ከሜዳ ሜዳ እየዞረ የጥንት ሳንቲም መፈለግ ጀመረ። መጀመሪያ ሳቁበት። በኋላ ሰው ሁሉ ባለፈበት መሬት ላይ ሳንቲም እየሰማ ማውጣቱን ሲያዩ «ጆሮ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙን ወደደው፤ መውደድ ብቻ አይደለም፣ ተጎማለለበት። ምላሱም እንደ ጆሮው የሰላ ነበር፤ ሰው ሲያበሽቅ ለራሱም ለሌላውም አያስተርፍም።

ከቀብር መልስ አማቹን ያዙት።

አማቹ በያጅ ነው። ሽማግሌው ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ወይ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ!» እያለ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። በያጁም «አፍህን ካልዘጋህ እኔ እዘጋልሃለሁ!» ማለቱን እንዲሁ ሰምቷል። ሰፈር ደግሞ ከሰማ ዝም አይልም፤ እስከ ማታ ድረስ ለበያጁ ውሽማ፣ ለውሽማይቱም ልጅ ተፈልስፎላቸዋል።

በያጁ ግዙፍ ሰው ነው። ሲቀመጥበት ወንበሩ አሳዘናት።

«እሱ የተገደለ ዕለት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ብየዳ ቤቴ።»

«ምን ስትሠራ?»

«በር። የአጥር በር ስበይድ።»

«ጎረቤትህ ጎማ ጠጋኟ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ድምፅም ብልጭታም አልነበረም ትላለች።»

«ዘግቼ ነው የምሠራው።»

«ያለ እሳት የሚበይድ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አሳየኝ እስቲ አንድ ቀን። ምኑን ነው ለሚስትህ የምትነግራት?»

«የቤት ነገር ነው።»

«ልጄ፣ ይህ የሰው ነፍስ ነው። የቤት ነገር የሚባል የለም።»

አንገቱን ደፋ። ዐይኑ ቀልቷል፤ የበያጅ ዐይን መቼም ነጭቶ አያውቅም። መርማሪዋ ከፊቷ ካለው ክምር አንድ ፎቶ ሳብ አድርጋ ሰጠችው።

«የሱ መፈለጊያ ይህ ነው?»

ፎቶውን ወደ ፊቱ አስጠጋ። «አዎ፣ የሱ ነው።»

ስትቀበለው አየችው። ቸኩላ የሰጠችው የጫማዎቹን ፎቶ ነበር። ቀና ብላ ዐይኑን አየች፤ ዐይኑ ግን እሷን ሳይሆን ከትከሻዋ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያየው። ነገሩን በልቧ ያዘችና ወጣች።

የሟች ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፤ የሐዘን ልብሷ ጎኑ ላይ ተተርትሯል። መርማሪዋን ስታያት አላለቀሰችም።

«እትዬ፣ አባቴን ቀብሬ እጄን ሳልታጠብ ባሌን ወሰዳችሁት።»

«ተቀመጪ ልጄ።»

«አልቀመጥም። ባሌ ዝንብ አይገድልም አልልዎትም፤ ንዴተኛ ነው። አባቴን ግን አልገደለም። እሁድ እሁድ ጢሙን የሚላጭለት እሱ ነበር። ምላጭ አንገቱ ላይ ይዞ ያልገደለው ሰው ሜዳ ድረስ ሄዶ ይገድለዋል?»

«ምን ደብቆሻል ታዲያ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ዝምታዋ ለመርማሪዋ የማያውቅ ሰው ዝምታ አልመሰላትም።

አለቃው ከቢሮው ብቅ አለ። «ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዛቻ አለ፣ ጠብ አለ፣ የት እንደነበረ ዋሽቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አካፋውን» አለች መርማሪዋ። «ጫማውንም ያወለቀበትን ምክንያት።»

«እስከ ሰኞ ፈልጊ። ከዚያ በኋላ የኔ ራስ ምታት አይደለም።»

መጀመሪያ የሄደችው የጡብ ፋብሪካው ባለቤት ጋ ነው፤ ሽማግሌውን ከሜዳው ላይ በውሻ ሊያባርር ዝቷል ተብሎ ነበር። ሰውየው የጡብ ማቃጠያው ፊት ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«አዎ ዝቻለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «መሬቴ ላይ እንደ አይጥ ሲምስ ዝም ልበለው?»

«ያን ዕለትስ?»

«ያን ዕለት ምድጃው ተሰንጥቆብኝ ከሠራተኞቼ ጋር እሳት ውስጥ ነበርኩ። ጠይቂያቸው፤ ቅንድቤን ተመልከቺ።» ቅንድብ የሚባል ነገር የለውም። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ውሻውን አልፈታሁበትም። ቆፍሮ ሲሄድ የቆፈረበት አይታወቅም። ሣሩን እንደ ክዳን አንሥቶ እንደ ክዳን ይመልሰዋል። እሱም ጓደኛውም። የከብቶቼ እግር እንኳ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም።»

«ጓደኛው?»

«ሰዓት ሠሪው ነዋ። እነዚህ ሁለቱ እንደ መቀስ ናቸው፤ አንዱ ያለ አንዱ አይቆርጥም።»

ሠራተኞቹን ጠየቀቻቸው። ቅንድቡን የበላው እሳት እውነት ነበር።

ሰዓት ሠሪውን ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ነው ያገኘችው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተሞረደ ሰው ነው። የጓደኛውን ነገር ስታነሣ አጉሊ መነጽሩን ከዐይኑ አውርዶ አለቀሰ። ለቅሶው እውነተኛ ነበር፤ እሷ ብዙ የውሸት ለቅሶ አይታለች፣ ይህ ከነዚያ ወገን አይደለም።

«ለምንድን ነው ጫማውን ያወለቀው?» አለችው።

«የሹፌርነት ጫማው ነዋ፣ ጫፉ ብረት ነው። ሳህኑ እግሩ አጠገብ ሲያልፍ ይጮህበታል። ሁልጊዜ አያወልቅም። ከጥልቅ የሚመጣ፣ አለ የለም የሚያሰኝ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ነው የሚያወልቀው።» አፍንጫውን ጠረገ። «እኔ ብኖር ኖሮ...»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«የድሮው ገበያ ሜዳ። ዘበኛው ስገባም ስወጣም አይቶኛል። እስከ ምሽት እዚያ ነበርኩ።» መሳቢያውን ሳበና በጨርቅ የተጠቀለሉ ሳንቲሞች ዘረጋላት። «እነዚህን አወጣሁ። ጥሩ ቀን ነበር እያልኩ አድሬ ጠዋት ያን መርዶ ሰማሁ።»

ሳንቲሞቹን አገላብጣ አየችና መለሰችለት።

«አካፋው ጠፍቷል» አለች። «ገዳዩ እዚያው ሜዳ ላይ ቀብሮት ይሆናል። በሟቹ መፈለጊያ ልፈልገው አስቤ ነበር፤ ግን ስከፍተው እንደ ተራበ ድመት ከመጮህ ሌላ የሚለው አይገባኝም። ያስተምሩኛል?»

ፊቱ በራ። ሰው የሚወደውን ነገር አስተምር ሲሉት ሐዘኑን እንኳ ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጣል። ጓሮ ወሰዳት። ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የቆርቆሮ መጠጥ መክፈቻ ቀለበትና ሳንቲም ለየብቻ ቀበረ፤ ማዳመጫውንም ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

«ሳህኑን መሬቱን ሊነካ እስኪል ዝቅ ያድርጉት። አያወዛውዙት፣ ያንሸራቱት። አዎ እንደዚያ። ምን አለዎት?»

«አጉረመረመ።»

«ሚስማር ነው። አሁን ከዚያኛው ወገን ይመለሱበት።»

«ዝም አለ!»

«አዩ? ሲሄዱ ጮሆ ሲመለሱ ዝም ካለ፣ ወይም ቃሉን ከቀየረ፣ አይመኑት። ሳንቲም ግን ከየትም ይምጡበት አንድ ቃል ነው የሚሰጠው፤ ጥርት ያለ።»

«እንደ ምስክር» አለች።

«እንደ ምስክር!» ሳቀ። «ደግሞ ጩኸቱ አያታልልዎት። በጣም የጮኸው ወይ አፍንጫዎ ሥር ነው፣ ወይ ትልቅ ቆሻሻ ነው። የሚፈለገው ሹክ የሚለው ነው።»

ቀጥሎ ያለው ጥርት ብሎ ዘመረላት። ከሁለቱም በኩል አለፈችበት፤ ቃሉን አልቀየረም። በደስታ ተንበርክካ ቆፈረች። ቀለበቱ ነበር።

«ይህቺ ውሸታም ናት» አለ እየሳቀ። «የትኛውም መሣሪያ ከሳንቲም አይለያትም። ቆፍሮ ማየት ብቻ ነው መላው። ለአንድ ሳንቲም አንድ ኪስ ቆሻሻ ያወጣሉ። ቆሻሻውንም ይዘውት ይሄዳሉ፤ ጥለውት ከሄዱ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ነው የሚጮህብዎት። ጉድጓዱን ከመድፈንዎ በፊት ደግሞ አንዴ ይለፉበት፤ ከሥር ሌላ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ሣሩን መልሰው ይገጥማሉ፣ ቅጠሉን ያቃናሉ። እጅ ይለምደዋል፤ እኔ አሁን ሳላስብ ነው የማደርገው።»

«ሟቹም እንዲሁ ነበር የሚሰማው?»

ሰዓት ሠሪው ማዳመጫውን ከጆሮዋ ተቀብሎ ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«እኔ መሣሪያዬ ላይ የብረቱን አፍ እዘጋዋለሁ፤ ሚስማር ሲያገኝ ዝም እንዲል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ግን ሳንቲም ብረት ሥር ከተደበቀ አብሮ ዝም ይላል። እሱ ምንም አይዘጋም ነበር። ያን ሁሉ የብረት ጫጫታ እየሰማ ከመሃሉ አንዲቷን ድምፅ ይለያታል። እኔ ያለፍኩበት ላይ ከኋላዬ እየመጣ ያነሣል። ያነሣና ይስቃል።» ፈገግ አለ። «ተሰጥኦ ነው።»

እሁድ ጠዋት የሟቹን መፈለጊያ ይዛ ጭቃው ሜዳ ወረደች። ጥበቃ የቆመው ፖሊስ ጀርባውን ሰጥቶ ሳቀ።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለችው። «ጥርስህ ላይ ብረት ካለ አሁን ይነግረኛል።»

መሬቱ አበደባት። ሚስማር፣ ሽቦ፣ ቆርኪ፣ የተሰበረ ቁልፍ። ጉልበቷ እስኪከዳት ተንበረከከች፣ ቆፈረች፣ ደፈነች። ሬሳው የነበረበት አካባቢ ስትደርስ አንድ ብረት አጉረመረመባት፤ አለፈችው። ግን ከጉርምርምታው ጎን የሆነ ነገር ነበር፤ ሰው ግድግዳ ተሻግሮ ሲያስነጥስ የሚሰማውን ያህል። ተመለሰች። ጠፋ። ደግማ አለፈች። መጣ።

ያኔ የራሷን ጫማ አየች፤ የፖሊስ ጫማ፣ ተረከዙ ብረት። ጎንበስ ብላ አወለቀችውና ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ሟቹም ልክ እንዲህ ነበር ያስቀመጠው።

በባዶ እግሯ ከዚያም ከዚህም አለፈችበት። አንድ ቃል፤ ስስ፣ ጥርት ያለ።

መቆፈሪያውን ሰካች፤ ሣሩ ግን አልተቆረጠም፣ ከነሥሩ እንደ ክዳን ተነሣላት። ቀድሞ ተቆርጦ የተመለሰ ነበር። ከሥሩ ያለው አፈር ልል ነው። በእጇ ስትዝቀው ጥቁር ሆኖ የረጋ ነገር ከጣቷ ጋር ተጣበቀ። ፖሊሱን ጠራችው፤ አሁን አይስቅም።

«ደም ነው» አለ።

«ደም ነው። ጥልቅ ድረስ ወርዷል። ከላይ ያለው አፈርና ሣር ግን ንጹሕ ነው።»

ከደሙ ሥር የዛገ የብረት ክዳን፣ የማሰሮ ስባሪ፣ ከክዳኑም ጠርዝ ሥር በጎኑ የቆመ የብር ሳንቲም አገኘች። አንድ ብቻ። ማሰሮው የተሠራው አንድ ሳንቲም ለመያዝ እንዳልሆነ ለመገመት ምርመራ አያስፈልግም።

አለቃው ፎቶዎቹን አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሽማግሌው ራሱ ደፍኖት ይሆናላ።»

«ደሙ ከሥር ነው አለቃ። ሞቶ ተነሥቶ ደፈነው?»

«በያጁ ደፈነዋ፣ እንዳይታወቅበት።»

«ሬሳውን ሜዳ ላይ ዘርግቶ ጉድጓድ የሚደብቅ? ሣሩን ገጥሞ፣ ቅጠሉን አቃንቶ? ይህ የፈራ ሰው ሥራ አይደለም። እጁ የለመደውን ነው የሠራው፤ ሲሠራውም አላወቀውም።»

«ልማድ ብዬ ለዐቃቤ ሕግ ልጻፍ? በያጁ እኮ የት እንደነበረ ዋሽቷል።»

ስለዚህ ወደ በያጁ ተመለሰች። ወንበሯን ስባ ጉልበቱ ጋ ተቀመጠች።

«ባለፈው የሰጠሁህ የጫማ ፎቶ ነበር» አለችው። «መፈለጊያ አይደለም።»

ግዙፉ ሰውዬ መዳፉን ዐይኑ ላይ ጫነ።

«ግራው ዐይኔ ጠፍቷል» አለ። «ቀኙ ጭጋግ ነው። ያን ዕለት ልበይድ ስል መስመሩን አጣሁት። በሩን ዘጋሁና ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። ከሰዓቱን በሙሉ።»

«ሽማግሌው ንገራት ያለህ ይህንን ነው?»

«ደርሶብኝ ነበር። ሚስቴ እርጉዝ ናት፣ ከብየዳ ሌላ የማውቀው የለም። ዕውር በያጅ ማን ያሠራዋል? ልጄን ምን አበላለሁ?»

«እና መታሰር ይሻልሃል፤ ደደብ!» አለችው፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቃሏ አልከፋም።

አለቃው ይህንንም ሰማ። «ጨለማ ምስክር አይሆንም» አለ። «ጭጋግም ቢሆን በቅርብ ያለ ጭንቅላት አይስትም። ነገ ይሄዳል።»

የቀራትን ከሰዓት ይዛ የድሮው ገበያ ሜዳ ሄደች። ዘበኛው ሰዓት ሠሪው ሲገባና ምሽት ላይ ሲወጣ አይቷል፤ መሃሉን ግን አላየም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ከበስተኋላ ግንቡ ፈርሷል፤ ከፈረሰበት ብቅ ሲሉ የጡብ ፋብሪካው ጭስ ይታያል።

መፈለጊያውን ከፈተችው። እዚህ መሬቱ አያጉረመርምም፣ ይዘፍናል። ሰው ሲጠጣ፣ ሲጥል የኖረበት ቦታ ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰምታ ትቆፍራለች፣ ቀለበት። ሌላ ጥርት ያለ፣ ቀለበት። የቆርቆሮ ቁራጭ። ቀለበት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኪሷ በቆሻሻ ተወጥሯል፤ ሳንቲም የለም።

ሰኞ ጠዋት ሰዓት ሠሪው ሱቁን ሲከፍት እሷ በሩ ላይ ነበረች። ሁለት ፖሊሶች ማዶ ቆመዋል።

«አገኙት አካፋውን?» አላት ቁልፉን እያዞረ።

«አላገኘሁም። ይህን አገኘሁ።» ኪሷን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ቀለበቱና ቆርኪው ተንኳኳ። «ከገበያው ሜዳ። የርስዎስ የታለ?»

«የኔ ምን?»

«ቆሻሻዎ። እስከ ምሽት ቆፍረው ሳንቲም ብቻ ነው ያመጡት?»

«እኔ እኮ ብረቱን ዘግቼ ነው...»

«ቀለበት አሉሚኒየም እንጂ ብረት አይደለችም። የትኛውም መሣሪያ አይለያትም ብለውኛል።»

«እዚያው ጣልኩት።»

«ቆሻሻ ጥሎ አይኬድም ብለውኛል።»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ይቆጥራሉ። «እመቤቴ፣ ደክሞኝ ነበር። ሰው ለአንድ ቀን ደንቡን ቢስት ገዳይ ይሆናል?»

«አይሆንም» አለች። በዚህ ልክ ነው፤ ታውቃለች፣ በዚህ ብቻ አለቃዋ እንኳ አይሰማትም። ሳንቲሙን አወጣችና ከቀለበቶቹ መሃል አስቀመጠችው። «ይህን ደግሞ ጓደኛዎ ከሞተበት፣ ተደፍኖ ሣሩ ከተገጠመበት ጉድጓድ አወጣሁት። ገዳዩ ማሰሮውን ሙሉ ዝቆ ሲሄድ ይህን ትቶታል። እኔ፣ ቅዳሜ ፊደል የቆጠርኩት፣ ሰማሁት። እሱ አልሰማም። ምን ዓይነት ደንቆሮ እንደሆነ እንጃ። ጆሮው ለጌጥ ነው የተሰቀለለት።»

ከዚያ ሳቀች። መሳቅ አላሰኛትም ነበር፤ ግን ሳቀች፤ ረዘም አድርጋ፣ ከሆዷ።

የሰዓት ሠሪው ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ጆሮ ምን ያደርጋል?» አለ። «በዚያ የዛገ ክዳን ሥር! በጎኑ ቆሞ መሆን አለበት። በጎኑ የቆመ ሳንቲም ብረት ሥር ሲሆን እሱም ራሱ አይሰማውም! ደግሜ አልፌበታለሁ፤ ጠፍጣፋ ቢሆን አያመልጠኝም ነበር!»

ሰዓቶቹ ቆጠሩ።

«ክዳን መኖሩን አልነገርኩዎትም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ለማንም አልነገርኩም።»

በበሩ በኩል ማዶ የቆሙትን ፖሊሶች አየ። ከዚያ እንደ ጨርቅ ወንበሩ ላይ ተጠቀለለ።

«ገበያው ሜዳ ሰለቸኝና በፈረሰው ግንብ ወጥቼ እሱ ያለበት ሜዳ ሄድኩ» አለ። «በባዶ እግሩ ሳየው ትልቅ ነገር እንደሰማ ገባኝ። አካፋውን ተቀብዬ እኔ ነኝ የቆፈርኩለት። ማሰሮው ሲታይ ከደስታ ብዛት ልስመው ነበር። እሱ ግን ሳቀ። 'ይህን መሬት ስንት ጊዜ ረገጥከው?' አለኝ። 'አንተ እኮ በላዩ ላይ ቆመህ ቂጣህን በልተሃል' አለኝ። ሊያየው አጎነበሰ፣ አሁንም ይስቃል። ጉድጓዱ ውስጥ እያየ ይስቃል። እንዲያቆም ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«አካፋውስ?»

«ከጡብ ፋብሪካው በታች ያለው ቦይ ውስጥ። ያሳየሁዎት ሳንቲሞች የቆዩ ናቸው፤ የማሰሮው ግን እዚያ ውስጥ ናቸው።» ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ሰዓት በአገጩ ጠቆመ። «አንዱንም አላየሁትም። ማየት አልቻልኩም። ጉድጓዱን ግን... ደፍኛለሁ እንዴ? እውነት ደፍኜዋለሁ?»

«ደፍነዋል። ቅጠሉንም አቃንተዋል።»

እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል። ፖሊሶቹ ገቡ።

ጣቢያ ስትደርስ መዝገቡ መኪና ላይ ሊጫን ነበር። አለቃው የተፈረመውን ቃል አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ መዝገቡን ከሹፌሩ እጅ ነጠቀ። «ቀድሞም ጠርጥሬው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ አለቃ» አለች። ጥርሷን አላሳየችም።

በያጁን ራሷ አወጣችው። ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ያዘች፤ እርዳታ እንዳይመስልበት እንደ እስረኛ አድርጋ ነው የያዘችው።

«ሚስትህ በር ላይ ናት» አለችው። «ወይ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ።»

«እሺ» አለ።

ልጅቷ ስታየው አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጣችና ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደገፈች። ሆዷ በመሃላቸው ነው።

«የምነግርሽ ነገር አለ» አላት። «ዐይኔ...»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽ ነገረሽ?»

«አባቴ ምን ቆርጦት! እኔው ነኝ እንጂ። እንደተጋባን በየሳምንቱ አልጋውን ከዚያ፣ ሳጥኑን ከዚህ ሳዞር 'እብድ' ስትለኝ አልነበር? ቤታችን ውስጥ ከመቼ ወዲህ ነው አንድ ወንበር ከቦታው ያላነቃነቅኩት? የሰለቸኝ መሰለህ?»

ግዙፉ ሰው እጁን ዘረጋና ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ድረስ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። መርማሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚያፈጠውን ፖሊስም «ሥራ የለህም አንተ?» ብላ አባረረችው።